ድሬዳዋ ላይ ለልጅ ስም ሲወጣ የሚሠሩ ስህተቶች

የእኛ ስም መካከሉ የአባት ነው። ዛሬ ለወንድ ልጃችሁ የምታወጡት ስም ነገ የልጆቹ የአባት ስም፣ ከነገ ወዲያ የልጅ ልጆቹ የአያት ስም ይሆናል። ብዙው ስህተት የሚመጣው ይህን ከመዘንጋት ነው።

ትልቁ ስህተት ስሙን ለብቻው መምረጥ ነው። ከአማርኛ ስሞች ብዙዎቹ ግስ ስለሆኑ ከፊታቸው ካለው ጋር ሲገጥሙ ዓረፍተ ነገር ይሠራሉ። አባት በቀለ ከሆነ «ሰላም በቀለ» ምርቃት ነው። አባት ተፈራ ከሆነ ግን «ፍቅር ተፈራ» ወይም «እውነት ተፈራ» ብሎ ከማውጣት በፊት ማሰብ ያሻል፤ ልጅቷ ስሟ በተጠራ ቁጥር የክፍሉን ሳቅ መስማት የለባትም። ስሙን ከነአባቱ ከነአያቱ ጮክ ብላችሁ ጥሩት። አያቱ ደህናውን ስም የሚያበላሽበት ጊዜም አለ።

በስም ሰውን መንካትም አለ። ምትኩ፣ ካሳ፣ ማስረሻ ከሐዘን በኋላ የወጡ መጽናኛዎች ናቸው፤ አልነቅፋቸውም። ለአማት ወይም ለጎረቤት መልስ እንዲሆን የወጣ ስም ግን ልጁን ያላየውን ጠብ ያሸክመዋል።

ከዚራም ሆነ መጋላ ሰፈር፣ አንድ ቤት ውስጥ አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሶማሊኛና ሐረሪ ይሰማል። እንዲህ ባለ ቤት የአንዱን ወገን ብቻ ጠይቆ ስም ማውጣት ቅሬታ ይተክላል። ሳራና ሐና ሁሉም ቤት ይገባሉ። ዮሴፍ ወይስ ዩሱፍ፣ ሙሴ ወይስ ሙሳ የሚል ክርክር ከተነሳ፣ አያቶች እንደ ልማዳቸው ይጥሩት፤ ወረቀት ላይ ግን አንዱ ብቻ ይጻፍ።

የክርስትና ስምን መዝገብ ላይ ከዓለም ስም ጋር መደባለቅም ያስቸግራል። ወንዱ በአርባ፣ ሴቷ በሰማንያ ቀን፣ ወይም ለስለት ታኅሣሥ 19 ቁልቢ ገብርኤል ሲጠመቁ የሚሰጠው ስም ቦታው ቤተ ክርስቲያን ነው። የዓለም ስሙ ራሱ ገብረሚካኤል ወይም አብዱልቃድር ከሆነ አንድ ላይ ይጻፍ። ከተለያየ ውጭ አገር «ሚካኤል» የአባቱ ስም መስሎ ይመዘገባል፤ እውነተኛው አባት ቦታ ያጣል።

«ማሙሽ»፣ «ሚሚ» እያሉ ምዝገባውን ማቆየትም ልማድ ሆኗል። በሙስሊም ቤት አቂቃው (ለተወለደው ልጅ የሚታረደው) በሰባተኛው ቀን ስለሚወጣ ስሙ ቶሎ ይታወቃል፤ ቢሆንም ወረቀቱ ይረሳል። ልደት በ90 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት። ስትሄዱ የአባቱን ፓስፖርትና የታላቁን ልጅ የልደት ምስክር ወረቀት ያዙ። መሐመድ በላቲን ፊደል በብዙ መንገድ ስለሚጻፍ፣ የወንድማማቾቹ የአባት ስም ከተለያየ ኋላ የአንድ አባት ልጅነታቸውን ማስረዳት ጣጣ ነው። ከመስኮቱ ሳትርቁ እያንዳንዱን ፊደል አስተያዩ፤ ከተሳሳተ እዚያው አሳርሙ።