የተቀበረ የባሕር ዳርቻ አሸዋ ዘይት ይይዝ እንደሆነ ከጉድጓድ መረጃ እንዴት ይመረመራል?

ሞገድ አሸዋን ያጥባል። ጭቃውን ወደ ጥልቁ ወስዶ መጠኑ የተቀራረበ ንጹሕ አሸዋ ዳር ላይ ይተዋል። አሸዋው ተቀብሮ አለት ሲሆን በፍሬዎቹ መካከል የቀረው ክፍተት ድፍድፍ ዘይት ሊይዝ ይችላል። በሞንታና፣ አሜሪካ፣ በ1967 እ.ኤ.አ. የተገኘው የቤል ክሪክ ዘይት የተጠራቀመው እንዲህ ባለ የጥንት የዳርቻ አሸዋ ውስጥ ነው።

መጀመሪያ ከጉድጓዱ የወጣውን የአለት ናሙና ከታች ወደ ላይ አንብቡ። ባሕሩን እየገፋ ባደገ ዳርቻ ከሥር ትል የቦረቦረው ጭቃማ አሸዋ፣ ቀጥሎ ማዕበል የጣላቸው ስስ ንጣፎች፣ ከዚያ ንጹሕ አሸዋ፣ ከላይ ደግሞ የዕፅዋት ሥር የገባበት አሸዋ ይገኛል። ፍሬው ወደ ላይ እየሻከረ ይሄዳል፤ በቴክሳስ የምትገኘው የጋልቬስተን ደሴትም እንዲሁ ናት። በተቃራኒው ወደ ላይ እየደቀቀ ከሄደ ያገኛችሁት ምናልባት የባሕር ውሃ መግቢያና መውጫ ቦይ ነው፤ ቅርጹም ስፋቱም ሌላ ስለሆነ እንደ ዳርቻ አትቁጠሩት።

በጋማ ሬይ መስመር (በጉድጓዱ ውስጥ የአለቱን የተፈጥሮ ጨረር በሚለካው ንባብ) ላይ ጭቃ ከፍ፣ ንጹሕ አሸዋ ዝቅ ብሎ ይነበባል፤ ስለዚህ ንባቡ ወደ ላይ ቀስ በቀስ ይቀንሳል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፦ የዳርቻ አሸዋ ዚርኮንና ሞናዛይት የመሳሰሉ ከባድ ማዕድናትን ያከማቻል። እነዚህ ዩራኒየምና ቶሪየም ስላላቸው ምርጡን አሸዋ ጭቃ አስመስለው ያሳያሉ። ናሙናውን በዓይን ሳታዩ ምንም ንጣፍ አትጣሉ።

ቀጥሎ ክፍተቱን አስሉ። የአሸዋው ዋና ማዕድን ኳርትዝ በሴንቲ ሜትር ኩብ 2.65 ግራም፣ ውሃ 1.0 ይመዝናል። የአለቱን እፍጋት በጉድጓዱ ውስጥ የሚለካው መሣሪያ 2.24 ካነበበ፣ (2.65 − 2.24) ÷ 1.65 = 0.25 ገደማ ይሆናል፤ ከአለቱ ሩቡ ክፍት ነው ማለት ነው። ንባቡ ወደ 2.6 ከተጠጋ ክፍተቱን ካልሳይት (የኖራ ድንጋይ ማዕድን) ሞልቶት ሊሆን ስለሚችል፣ ከናሙናው ላይ አሲድ ጠብ አድርጉበት፤ ካልሳይት ካለ ይፈላል።

ከክፍተቱ ውስጥ የውሃው ድርሻ የሚገመተው በኤሌክትሪክ መቋቋም ነው። በአለቱ ክፍተት ያለው ውሃ 0.1፣ አለቱ በሙሉ 18 ኦም ሜትር ካነበቡ፣ 0.1ን ለ0.25 ካሬ፣ ውጤቱን ለ18 አካፍላችሁ ስኩዌር ሩት ስታወጡ 0.3 ይመጣል። ቀሪው 70 በመቶ ዘይት ነው። ይህ ቀመር ለንጹሕ አሸዋ ነው፤ ሸክላ ሲበዛበት ውሃውን አብዝቶ ያሳያል።

አሁን መጠኑን፦ 10 ኪሎ ሜትር ርዝመት፣ 2 ኪሎ ሜትር ስፋት፣ 6 ሜትር ውፍረት ያለው የተጣራ (ጭቃው የተቀነሰለት) አሸዋ ቢኖር፣ በ0.25 እና በ0.7 ተባዝቶ ለ1.2 ሲካፈል (ዘይቱ ወደ ላይ ሲወጣ ጋዙ ስለሚለቅና ስለሚኮማተር) 17.5 ሚሊዮን ሜትር ኩብ፣ ወደ 110 ሚሊዮን በርሜል ይሆናል። የሚወጣው ግን ከዚህ ከፊሉ ብቻ ነው።

እነዚህን ርዝመቶች ከአንድ ጉድጓድ አታገኙም። አሸዋው ከዳርቻው ጋር ትይዩ ረጅም፣ ወደ ባሕርና ወደ የብስ ግን ጠባብ ነው፤ ሁለተኛውን ጉድጓድ በርዝመቱ አቅጣጫ ብትቆፍሩ አሸዋውን የማግኘት ዕድላችሁ ይሰፋል። ከጉድጓድ ወደ ጉድጓድ ስታያይዙም መስመሩን ጠፍጣፋ አታድርጉት፤ ንጣፎቹ ወደ ባሕር ያዘነበሉ ናቸው፣ በመካከላቸው ያለ ስስ ጭቃም ፍሰት ይከለክላል። ወጥመዱን (ዘይቱ ታግዶ የሚጠራቀምበትን ቦታ) ደግሞ ከዳርቻው አሸዋ ጀርባ፣ በየብስ ወገን፣ በረጋው ውሃ በተከማቸው ጭቃ በኩል ፈልጉ፦ አለቱ ወደዚያ ወገን ወደ ላይ ካዘነበለ፣ በቤል ክሪክ እንደሆነው፣ ዘይቱ ሽቅብ ሲሄድ ጭቃው ያግደዋል። ወደ ባሕሩ ወገን ወደ ላይ ካዘነበለ ግን ሌላ መዝጊያ ሳታገኙ መቆፈር ገንዘብ መጣል ነው።