ሚኒስትሩ «በሂደት ላይ ነው» ብሎ እንዳያልፈን፦ በተወካያችን በኩል ጥያቄ አጻጻፍ

ጅማ ፈረንጅ አራዳ ኮምፒውተርና ፕሪንተር ይዤ ማመልከቻ እጽፋለሁ። የክስ፣ የይግባኝ፣ የጡረታ፣ የካርታ፣ የሥራ መልቀቂያ፤ የማይመጣ ነገር የለም። አልፎ አልፎ ደግሞ «ለሚኒስትሩ ጻፊልኝ» የሚል ሰው ይመጣል። እጽፋለሁ፣ እንጀራዬ ነው። ግን አስቀድሜ አንድ ነገር እላለሁ፦ ለሚኒስትሩ ከምንጽፍ ሚኒስትሩን መጠየቅ ለሚችለው ሰው እንጻፍ።

ያ ሰው የመረጣችሁት የፓርላማ አባል ነው። የእኔና የእናንተ ደብዳቤ ሚኒስቴር መሥሪያ ቤት ሲደርስ መዝገብ ቤት ገብቶ ቁጥር ይወጣለትና እዚያው ሊያድር ይችላል። ከምክር ቤት የሚመጣ ጥያቄ ክብደቱ ሌላ ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 55 ንዑስ አንቀጽ 17 የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ጠቅላይ ሚኒስትሩንም ሌሎች የፌዴራል ባለሥልጣናትንም ጠርቶ የመጠየቅ፣ አሠራራቸውንም የመመርመር ሥልጣን ይሰጠዋል። በአንቀጽ 76 መሠረት ደግሞ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ለዚሁ ምክር ቤት ተጠሪ ነው። ስለዚህ ተወካያችሁ ሲጠይቅ ልመና አይደለም፣ ሥራው ነው።

ለምን በጽሑፍ? የጠቅላይ ሚኒስትሩን የፓርላማ ውሎ በቀጥታ ስርጭት ያያችሁ ታውቁታላችሁ። አባሉ ይነሣል። «ክቡር አፈ ጉባዔ፣ ዕድሉን ስለሰጡኝ አመሰግናለሁ» ይላል። ከዚያ ስለ ሰላም፣ ስለ ኑሮ ውድነት፣ ስለ መንገድ፣ ስለ ማዳበሪያ ባንድ ትንፋሽ ያነባል። መላሹ ከአራቱ የሚመቸውን አንሥቶ ሰፊ ማብራሪያ ይሰጥበታል። ሌሎቹ ሦስቱ የት እንደገቡ ማንም አይጠይቅም። በወረቀት ሲሆን ግን ጥያቄውም መልሱም ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ያልተመለሰው ቁልጭ ብሎ ይታያል።

መጀመሪያ፣ ጉዳዩ የማን ነው?

ብዙ ሰው የሚደክመው እዚህ ላይ ነው። የሰፈር ቧንቧ ውኃ፣ የባጃጅ ታሪፍ፣ የውስጥ ለውስጥ መንገድ፣ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ይዞ ወደ ፌዴራል ሚኒስትር መሄድ ትርፉ ድካም ነው። እነዚህ የከተማውና የክልሉ ናቸው። የክልሉ ከሆነ መንገዱ በጨፌ ኦሮሚያ አባል በኩል ነው፤ ደብዳቤውም በአፋን ኦሮሞ ይጻፍ። ወደ ፌዴራሉ ምክር ቤት የሚሄደው በአማርኛ ይሁን፣ የሥራ ቋንቋው ነውና። ጅማ ላይ ሁለቱንም አሳምሮ የሚጽፍ ሰው አይጠፋም፣ እኔ ባልመች ጎረቤቴ አለ።

ፌዴራል የሚባለውስ? ጅማ ዩኒቨርሲቲ የፌዴራል ነው፤ ጥያቄው ወደ ትምህርት ሚኒስቴር ይሄዳል። በወልቂጤ በኩል አዲስ አበባ የሚያደርሰን መንገድ ክልል አቋራጭ ስለሆነ በአንቀጽ 51 ከፌዴራል መንግሥት ሥልጣን ውስጥ ይወድቃል። በቦንጋ በኩል ወደ ሚዛን የሚወስደውም እንደዚያው። መልኮ ያለው የግብርና ምርምር ማዕከልም የፌዴራል ነው። የትኛው መሥሪያ ቤት ለየትኛው ሚኒስቴር ተጠሪ እንደሆነ ግራ ከገባችሁ የአስፈጻሚ አካላትን ሥልጣንና ተግባር የሚወስነውን አዋጅ ቁጥር 1263/2014 ክፈቱ። ደረቅ ንባብ ነው፣ አልዋሻችሁም። ግን የምትፈልጉት አንዲት አንቀጽ ናት።

ለየትኛው ተወካይ?

ከየምርጫ ክልሉ የሚመረጠው አንድ ሰው ነው። ስሙን የማያውቅ ሰው ብዛቱ ይገርመኛል፤ የጅማ አባ ጅፋርን ተጫዋቾች ግን በማልያ ቁጥር ይዘረዝርላችኋል። የምርጫ ቦርድ በየምርጫ ክልሉ ያሸነፈውን ይፋ ያደርጋል፣ እዚያ ታገኙታላችሁ። እሱ ካልተመቸ ወይም ስልክ ካላነሣ በር ተዘጋ ማለት አይደለም። በአንቀጽ 54 መሠረት የምክር ቤቱ አባል የመላው ሕዝብ ተወካይ ነው፣ የወረዳው ብቻ አይደለም። ስለዚህ ለሌላ አባል መጻፍ ትችላላችሁ። ከሁሉ የሚሻለው ግልባጩን ጉዳዩን ለሚከታተለው ቋሚ ኮሚቴ ማድረስ ነው። የቡና ከሆነ ለግብርና ጉዳዮች፣ የመንገድ ከሆነ ለከተማ፣ መሠረተ ልማትና ትራንስፖርት። ሚኒስቴሮች ሪፖርታቸውን ይዘው የሚቀርቡት እነዚህ ኮሚቴዎች ፊት ነው።

ልቅሶውን ወደ ጥያቄ መለወጥ

ዋናው ሥራ ይኸ ነው። ከማና ወረዳ የመጡ አንድ አባት የያዙትን ወረቀት ላሳያችሁ፣ ፈቅደውልኛል። እንዲህ ይል ነበር፦ «ክቡር ሚኒስትር ሆይ፣ እኛ የቡና አገር ሰዎች ሆነን ሳለ ተረስተናል። ፍሬው ሳይቀላ እየጠቆረ ይረግፋል። በሽታ የሚችል ችግኝ ይመጣል ተባልን፣ አልመጣም። ለመሆኑ መንግሥት ለእኛ ምን አስቧል?»

እውነት ነው፣ ያሳዝናል። የቡና ፍሬ በሽታ በ1960ዎቹ አገራችን ከገባ ጀምሮ ጅማን ሲያሠቃይ ኖሯል። መልኮ ላይም በሽታውን የሚቋቋሙ ዝርያዎች ተመርጠው ወጥተዋል። ግን የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ተመልከቷት። «ምን አስቧል?» ለሚል ሰው መልሱ ተዘጋጅቶ ተቀምጧል፦ «መንግሥት ለቡና ልማት ልዩ ትኩረት ሰጥቶ እየሠራ ይገኛል።» አለቀ። ጥያቄው ተመልሷል፣ አባባ ግን ምንም አላገኙም።

«አባባ፣ ችግኝ ይመጣል ያለው ማነው?» አልኳቸው።

«በስብሰባ ላይ ነዋ። አንድ ባለሙያ።»

«መቼ? ስንት ችግኝ አለ? ለስንት ገበሬ?»

ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ። «ልጄ፣ እኔ ብሶቴን ይዤ መጣሁ፣ አንቺ ሒሳብ ታስተምሪኛለሽ» አሉኝ። ሳቅን። ከዚያ የስብሰባውን ወር አስታወሱ። ማስታወሻ የያዘ የሠፈራቸው ልጅ መኖሩም ትዝ አላቸው፤ ደወሉለት።

በመጨረሻ የወጣው ይኸ ነው፦ «በማና ወረዳ የቡና ፍሬ ሳይቀላ እየጠቆረ ይረግፋል። በ2015 እና በ2016 በጀት ዓመት በሽታውን የሚቋቋሙ ዝርያዎች ዘር በጠቅላላው ስንት ኪሎ ተዘጋጀ? ከዚህ ውስጥ ለጅማ ዞን የደረሰው በየወረዳው ስንት ነው? ለማና ካልደረሰ በየትኛው ወር ይደርሳል፣ ኃላፊነቱስ የየትኛው የሥራ ክፍል ነው?»

የራሳቸውን አንድ ዓረፍተ ነገር አልነካሁባቸውም። ፍሬው ሳይቀላ እየጠቆረ ይረግፋል የሚለውን። አዲስ አበባ ቢሮ ውስጥ የተቀመጠ ሰው በዓይነ ሕሊናው የሚያየው እሱን ነው። የቀረው ሁሉ ቁጥር፣ ቦታና ጊዜ ነው። «በሂደት ላይ ነው» ብሎ ለመመለስ አይመችም። ስንት ኪሎ ተብሎ ተጠይቆ በሂደት ላይ ነው ያለ ሰው አለመመለሱን ራሱ ይመሰክራል።

ስትጽፉ እነዚህን ልብ በሉ። «ታቅዷል ወይ?» አትበሉ፣ «አዎ ታቅዷል» ይባላልና። «ለምን?» ከማለት «በየትኛው መመሪያ መሠረት?» ይሻላል። «በቂ ትኩረት»፣ «አፋጣኝ መፍትሔ»፣ «ተገቢ ምላሽ» የሚሉትን ሰርዟቸው። ስድብም ሰርዙ። ይኼን የምለው ለጨዋነት ብቻ አይደለም። በ2013ቱ ምርጫ ገዥው ፓርቲ ከ400 በላይ መቀመጫ ይዟል። ስለዚህ ተወካያችሁ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀው የገዛ ፓርቲውን ሚኒስትር ነው። ምሬትና ክስ የተሞላ ወረቀት ይዞ ለመነሣት ይከብደዋል። «ለመራጮቼ ለማስረዳት የሚከተለውን አኃዝ እፈልጋለሁ» የሚል ወረቀት ግን ማንም አባል ሳያፍርና ሳይፈራ ይይዘዋል። ብልጠት በሉት፣ ግድ የለኝም።

ሌላ አገር ይኸ ሥራ የራሱ ደንብ አለው። በእንግሊዝ አንድ የፓርላማ አባል መልሱ በተወሰነ ቀን እንዲመጣ የሚጠይቅበትን ዓይነት የጽሑፍ ጥያቄ በቀን እስከ አምስት ማስገባት ይችላል። ጥያቄውም መልሱም ይታተማል። ሚኒስትሩ መልሱን ለመሰብሰብ ከ850 ፓውንድ በላይ ይፈጃል ካለ ግን ላይመልስ ይችላል። ከዚህች የመጨረሻዋ ደንብ እኔ የወሰድኩት አለ፦ መሥሪያ ቤቱ እጁ ላይ ያለውን ቁጥር ጠይቁ። የሁለት በጀት ዓመት፣ የአንድ ዞን። «ከደርግ ጊዜ ጀምሮ በመላው አገሪቱ» ካላችሁ «መረጃው እየተጠናቀረ ነው» ይመጣላችኋል።

ወረቀቱ

አንድ ገጽ ይብቃው። በገጽ ስለማስከፍል ረጅሙ ለእኔ ይሻለኝ ነበር፣ ግን ማን ያነብበዋል? ቀን፤ «ለተከበሩ» ብላችሁ የአባሉ ስም፤ ከሥር «ጉዳዩ፦» ብላችሁ አንድ መስመር። «አቤቱታን ይመለከታል» አትበሉ፣ ምንም አይናገርም። «ለማና ወረዳ የቡና ዘር ሥርጭት በጽሑፍ መልስ ስለመጠየቅ» በሉ። «በጽሑፍ» የምትለዋ ቃል አትቅር። ቀጥሎ ሁለት ሦስት ዓረፍተ ነገር ስለ ሁኔታው፣ ከዚያ ጥያቄው፣ ከዚያ ስምና ስልክ። ፊርማ ያሰባሰባችሁ እንደሆነ በአባሪ ይሁን። ብዙ ፊርማ ጥሩ ነው፣ ጥሩ ጥያቄ ግን ይበልጣል። ግልባጩን ለቋሚ ኮሚቴው አድርጉ።

በእጅ ካስገባችሁ ቀሪው ላይ ማኅተም፣ የገቢ ቁጥርና ቀን አስመቱ። በቴሌግራም ከላካችሁ ፎቶ ሳይሆን ፒዲኤፍ ይሁን። ጥላ የወደቀበት ፎቶ ልኮ «አላነበቡልኝም» ማለት አያዋጣም።

ወቅቱን ማወቅ

ምክር ቤቱ የሚከፈተው በመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ ነው፣ የሚዘጋው ሰኔ 30። መሐል ላይ የአንድ ወር ዕረፍት አለ። አባላቱ ወደየምርጫ ክልላቸው ብቅ የሚሉት በዕረፍታቸው ነው። አዲስ አበባ ከመሄድ ያኔ ጅማ ላይ ፊት ለፊት ማግኘት ይቀላል፤ ቡና ጠጡ፣ ወረቀቱን በእጅ ስጡ። ሰኔ ላይ አታምጡት። ሁሉም በጀት ላይ ተጠምዷል። ገንዘብ የሚጠይቅ ጉዳይ ከሆነ ደግሞ በጀቱ ሳይጸድቅ ገና ቀደም ብሎ መድረስ አለበት፤ ሐምሌ 1 አዲሱ ዓመት ከተጀመረ በኋላ «በጀት አልተያዘለትም» ይባላል።

መልስ ሲመጣ፣ ወይም ሲቀር

መልሱ ሲደርሳችሁ ከጥያቄው ጎን አስቀምጡትና በስክሪፕቶ ምልክት አድርጉ። የተመለሰው የትኛው ነው፣ የተዘለለው የትኛው ነው? ኪሎው ተነግሮ የወረዳው ዝርዝር ከተዘለለ ስለ ዝርዝሩ ብቻ እንደገና ጻፉ። አዲስ ጉዳይ አትጨምሩ። «በቁጥር ይኼን ያህል፣ በቀን ይኼን በሰጡት መልስ ውስጥ ሁለተኛው ነጥብ አልተመለሰም» ማለት ይበቃል።

ጨርሶ ዝም ከተባላችሁ ሌላ በር አለ፣ ይኸኛው ደግሞ ተወካይ አያስፈልገውም። የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 ማንኛውም ሰው ከመንግሥት መሥሪያ ቤት መረጃ እንዲጠይቅ ይፈቅዳል። ያንኑ የኪሎና የወረዳ ጥያቄ ለሚኒስቴሩ የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ በስማችሁ ታስገባላችሁ። መልስ መስጫው 30 ቀን ነው። ለምን እንደፈለጋችሁት የማስረዳት ግዴታ የለባችሁም። ካልተሰጣችሁ አቤቱታው ወደ እንባ ጠባቂ ተቋም ይሄዳል፣ ያኔ ማኅተም ያረፈበት ቀሪ ይጠየቃል። የማና አባት የእሳቸውን ላስቲክ ውስጥ ከተው ከይዞታ ደብተራቸው ጋር አኑረውታል።