በክብ ተቀምጦ ማሰብ፦ የአዋቂዎች የፍልስፍና ውይይት አመራር

ከ8 እስከ 12 ሰው በክብ ይቀመጥ፤ 90 ደቂቃ ይበቃል። ጣና ዳር ከሆናችሁ ከሙዚቃና ከጀልባ ሞተር ራቅ በሉ፤ ያልተሰማ ሐሳብ አይመረመርም።

መነሻው ሁሉም የሚያውቀው ጉዳይ ይሁን። ለባሕር ዳር ሰው ጣና ሐይቅን የወረረው እምቦጭ አረም ጥሩ መነሻ ነው። በመጀመሪያው 20 ደቂቃ ሁለት ሁለት ሆነው ጥያቄ ይጻፉ፤ አንዱን በድምፅ ብልጫ ይምረጡ። ብዙ ውይይት የሚበላሸው እዚህ ነው። «እምቦጭ እንዴት ይራባል?» ባለሙያ መልሶት ያልቃል። «የጋራ የሆነውን መጠበቅ ያላጠፋውም ሰው ግዴታ ነው?» ግን ምክንያት መደርደርን ይጠይቃል።

በቀጣዩ አንድ ሰዓት አወያዩ አቋሙን አይናገር፤ ይጠይቅ እንጂ፦ «‹ግዴታ› ሲሉ ምን ማለትዎ ነው?» «ይህ የማይሠራበት ምሳሌ አለ?» ከጠየቀ በኋላ 10 ሰከንድ ዝም ይበል። ይከብዳል፤ ነገር ግን ቀስ ብለው የሚያስቡት የሚናገሩት ያኔ ነው።

ታላቅ ቀድሞ ከተናገረ ሌላው በአክብሮት ይስማማል። ስለዚህ ታናናሾች ይጀምሩ፤ ምክንያቱንም ለታላላቆች አስቀድማችሁ በትሕትና አስረዱ። ነገሩ ወደ እልህ ካመራ፣ ቀጣዩ ተናጋሪ የቀደመውን ሐሳብ ባለቤቱ «አዎ፣ እሱን ነው ያልኩት» እስኪል በራሱ ቃል ይድገም።

የመጨረሻው 10 ደቂቃ ለአንድ ጥያቄ ነው፦ ማን ሐሳቡን ለወጠ? በየትኛው ምክንያት?