በደመወዝ ግብር ስሌት ላይ ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

ከሜክሲኮ አደባባይ እስከ ካዛንችስ ባሉት ሕንፃዎች ውስጥ የሚሠሩ አነስተኛ ድርጅቶች የደመወዝ ዝርዝራቸውን እንድመረምር ሲሰጡኝ፣ የማገኛቸው ስህተቶች ከቢሮ ቢሮ እምብዛም አይለያዩም። የሚያሳስበኝ ደግሞ የስህተቱን ዋጋ የሚከፍለው አብዛኛውን ጊዜ ስሌቱን የሠራው ሰው ሳይሆን ሠራተኛው መሆኑ ነው።

አንደኛው አሮጌውን ሠንጠረዥ ይዞ መቀጠል ነው። የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008ን ያሻሻለው አዋጅ ቁጥር 1395/2017፣ ከሐምሌ 1 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ግብር የማይከፈልበትን የወር ገቢ ከ600 ብር ወደ 2,000 ብር ከፍ አድርጎታል። ከዚያ በላይ እስከ 4,000 ብር 15 በመቶ፣ እስከ 7,000 ብር 20 በመቶ፣ እስከ 10,000 ብር 25 በመቶ፣ እስከ 14,000 ብር 30 በመቶ፣ ከ14,000 ብር በላይ ባለው ላይ 35 በመቶ ይከፈላል። ቀድሞ የተሠራው የኤክሴል ቅጽ ካልተስተካከለ ግን 15,000 ብር ከሚከፈለው ሰው 3,200 ብር መቀነስ ሲገባ 3,750 ብር ይቀነሳል፤ ሠራተኛው በየወሩ 550 ብር ያለ አግባብ ያጣል ማለት ነው።

ከዚሁ ጋር የተያያዘው ሁለተኛው ስህተት መጣኔው በሙሉው ደመወዝ ላይ እንደሚያርፍ ማሰብ ነው። «ጭማሪው 35 በመቶ ውስጥ ያስገባኛል» ብለው የደመወዝ እድገት ለመቀበል የሚያመነቱ ወጣቶች ገጥመውኛል፤ ስጋታቸው መሠረት የለውም። 14,000 ብር የሚያገኝ ሠራተኛ 2,850 ብር ግብር ይከፍላል፤ ደመወዙ 15,000 ብር ሲሆን በ35 በመቶ የሚሰላው የተጨመረው 1,000 ብር ብቻ ስለሆነ ግብሩ በ350 ብር ይጨምራል። ሒሳብ ሠራተኞች ሙሉውን ደመወዝ በ35 በመቶ አባዝተው 2,050 ብር የሚቀንሱትም ወደዚሁ ውጤት በአጭሩ ለመድረስ ነው።

ሠራተኛው የሚያዋጣውን 7 በመቶ ጡረታ አስቀድሞ ቀንሶ በቀሪው ላይ ግብር ማስላት ስህተት ነው። ግብሩ የሚሰላው ባልተጣራው ደመወዝ ላይ ነው። የ20,000 ብር ደመወዝ ግብር 4,950 ብር ሲሆን፣ ጡረታው ቀድሞ ከተቀነሰ ግን 4,460 ብር ብቻ ይሆንና 490 ብሩ በምርመራ ጊዜ እንደ ዕዳ ይመጣል። የዩኒቨርሲቲ ወጪ መጋራት ተቀናሽም እንዲሁ የግብሩን መነሻ አይቀንስም።

ትዕግሥቴን ከሁሉም ይበልጥ የሚፈታተነው ግን ደመወዝን ከፋፍሎ የሚበዛውን «አበል» ብሎ መሰየም ነው። በሕጉ መሠረት ከመቀጠር የሚገኝ ገቢ ደመወዝን ብቻ ሳይሆን አበልን፣ ቦነስን፣ ኮሚሽንንና በዓይነት የሚሰጥ ጥቅምንም ይጨምራል። በጥሬ ገንዘብ የሚከፈል የቤት አበል ግብር ይከፈልበታል፤ የትርፍ ሰዓት ክፍያም እንዲሁ። የትራንስፖርት አበል፣ የውሎ አበልና የአስቸጋሪ ሁኔታ አበል ነፃ የሚሆኑት መመሪያው በሚፈቅደው ጣሪያና ምክንያት ብቻ ነው። የመዝገቡን ሥራ በኋላ የተረከብኩት አንድ ድርጅት ግን ከቢሮ ወጥተው ለማያውቁ ጸሐፊዎችና ገንዘብ ያዦች ሳይቀር በየወሩ የውሎ አበል ይከፍል ነበር፤ አንድም የጉዞ ትእዛዝ ደብዳቤ በፋይሉ ውስጥ አልነበረም። መርማሪዎቹ ገንዘቡን በሙሉ ደመወዝ አድርገው ሲያሰሉት ድርጅቱ ግብሩን ከነቅጣቱና ከነወለዱ ተጠየቀ። ይህ የአሠሪው ኪሳራ ነው፤ የሠራተኛው ግን ይብሳል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የውሎ አበል፣ የትራንስፖርት አበልና ቦነስ እንደ ደመወዝ ስለማይቆጠሩ የስንብት ክፍያው የሚሰላው በትንሹ ደመወዝ ነው። የጡረታ አበልም መነሻው በመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት የነበረው አማካይ ደመወዝ በመሆኑ፣ ዛሬ ከግብር የተረፈ የመሰለው ገንዘብ በእርጅና ዘመን ይጎድላል። ይህን ሳያስረዱ እንዲህ ያለ ውል የሚያስፈርሙ አሠሪዎች በሠራተኛው ላይ ግልጽ በደል እየፈጸሙ ነው፤ እርስዎም ሲቀጠሩ መሠረታዊ ደመወዝዎ ስንት እንደሆነ በጽሑፍ ይጠይቁ።

በዓይነት የሚሰጥ ጥቅምን ከዝርዝሩ ማስቀረትም የተለመደ ነው። ለሠራተኛው ለግል አገልግሎት ጭምር መኪና ከተሰጠው፣ በደንብ ቁጥር 410/2009 መሠረት የመኪናው መግዣ ዋጋ 5 በመቶ ለ12 ተካፍሎ የወሩ ጥቅም ይሆናል፤ በ2,400,000 ብር የተገዛ መኪና በወር የ10,000 ብር ጥቅም ነው። ይህን ሲሰሙ የሚደነግጡ ኃላፊዎች፣ በጥቅማ ጥቅም ላይ የሚከፈለው ግብር ከደመወዙ 10 በመቶ እንዳይበልጥ ያው ደንብ መገደቡን ሊያውቁ ይገባል።

በመጨረሻ በተጣራ ደመወዝ የሚደረግ ውል አለ። አሠሪው «15,000 ብር እጅህ ይገባል፣ ግብሩን እኔ እችላለሁ» ካለ፣ የቻለው ግብር ራሱ የሠራተኛው ገቢ ስለሚሆን ግብሩን በ15,000 ብር ላይ ማስላት አይቻልም። ግብሩም ጡረታውም ተቀንሶ 15,000 ብር እንዲተርፍ ያልተጣራው ደመወዝ 22,327 ብር ከ59 ሳንቲም መሆን አለበት፤ ከዚህ ላይ 5,764 ብር ከ66 ሳንቲም ለግብር፣ 1,562 ብር ከ93 ሳንቲም ለጡረታ ይሄዳል። አሠሪው ለብቻው የሚያዋጣው 11 በመቶ ጡረታ በዚህ ውስጥ ስለማይገባ፣ ውሉ ከመፈረሙ በፊት እርሱም ተሰልቶ ለድርጅቱ ባለቤት ይቅረብ።