በጠባብ ቦታ ብዙ ሐዲድ፦ በኦፕን ቲቲዲ መስመሮችን አቀራርቦ የመዘርጋት ዘዴ

የመጓጓዣ መስመሮች በሚዘረጉበት የኮምፒውተር ጨዋታ በኦፕን ቲቲዲ አንድ የባቡር መስመር ሲጨናነቅ ብዙዎቻችን መጀመሪያ የምናደርገው ከጎኑ ሌላ መስመር መዘርጋት ነው። መስመሮቹ ሁለት እስከሆኑ ድረስ ቦታ አያሳስብም፤ አራት ሲሆኑ ግን ከተማውም ኮረብታውም እንቅፋት ይሆናል። ከዚህ የባሰው ችግር የሚመጣው ከድልድይ ነው። ዋናው መስመር በሰፋ ቁጥር እሱን የሚሻገረው ድልድይ ይረዝማል፤ በመደበኛው ጨዋታ ደግሞ በድልድይም ሆነ በዋሻ ውስጥ ሲግናል (መስመሩን ባቡሮች ተራ በተራ በሚገቡባቸው ክፍሎች የሚከፍል የማለፊያ ምልክት) መትከል አይቻልም። ስለዚህ ረጅም ድልድይ ላይ አንዱ ባቡር እስኪወጣ ድረስ ሌላው ከበሩ ላይ ቆሞ ይጠብቃል፤ ሐዲዶችን ማቀራረብ የሚያስፈልገውም በዋናነት ይህን ማነቆ ለማሳጠር ነው።

የጨዋታው ካርታ በካሬዎች የተከፋፈለ ነው። ከአንዱ ጎን ወደ ፊት ለፊቱ ጎን የሚያልፍ ቀጥታ ሐዲድ ካሬውን ብቻውን ይይዛል። ጎረቤት የሆኑ ሁለት ጎኖችን የሚያገናኘው ሰያፍ ሐዲድ ግን አንዱን ማዕዘን ብቻ ቆርጦ ስለሚያልፍ፣ በተቃራኒው ማዕዘን ላይ ሌላ ሰያፍ ሐዲድ ሳይነካው ሊዘረጋ ይችላል። ሁለቱ ሐዲዶች ካሬውን ቢጋሩም አይገናኙም፤ ሁለት ባቡሮች ጎን ለጎን ያልፉባቸዋል፣ ለእያንዳንዳቸውም የየራሳቸው ሲግናል ይተከልላቸዋል። ካርታው ተዘንብሎ ስለሚታይ ሰያፍ መስመር በማያ ገጹ ላይ አግድም ወይም ቁልቁል የተሰመረ ሆኖ ይታያል፤ ጀማሪን ብዙ ጊዜ የሚያደናግረው ይህ ነው።

ትርፉን በቁጥር እንየው። በአንዱ አቅጣጫ 10፣ በሌላውም አቅጣጫ 10 ካሬ ወደሚርቅ ቦታ አራት መስመር ማድረስ ፈለግን እንበል። ቀጥታ ሄደን በማዕዘን ብንታጠፍ እያንዳንዱ መስመር 20 ያህል ካሬ ስለሚወስድ በድምሩ 80 ካሬ ይጠፋል። በሰያፍ ብንዘረጋ የመጀመሪያው መስመር 20 ካሬ ቢነካም ሁሉንም በግማሽ ብቻ ስለሚይዝ፣ ተከታዩ መስመር የተረፈውን ግማሽ ተጠቅሞ 10 አዲስ ካሬ ብቻ ይጨምራል። ሦስተኛውና አራተኛውም እንደዚሁ 10፣ 10 ይጨምራሉ፤ ድምሩ 50 ካሬ ነው። ነገር ግን ይህ የሚሳካው መስመሮቹ በመካከላቸው አንዳች ክፍተት ሳይኖር ሲዘረጉ ነው። እኔ በመጀመሪያ ካርታዎቼ «ለወደፊቱ ያስፈልገኛል» እያልኩ በመስመሮች መሃል ባዶ ካሬ እተው ነበር፤ ያ ቦታ ለመጋጠሚያ ጠብቦኝ፣ ለድልድዩም ሰፍቶብኝ፣ ሙሉውን መስመር ለማፍረስ ተገድጃለሁ።

ሰያፍ ሁልጊዜ ያዋጣል ማለት ግን አይደለም። ድልድይ በሰያፍ አይሠራም፤ የሚዘረጋው በሁለቱ ቀጥታ አቅጣጫዎች ብቻ ነው። አራት ቀጥታ መስመሮችን የሚሻገር ድልድይ ከሥሩ 4 ካሬ ሲኖረው፣ አራት ሰያፍ መስመሮችን የሚሻገረው ግን 5 ካሬ ያልፋል። በሁለቱም ላይ የጫፍና የጫፍ መወጣጫዎች ሁለት ካሬ ይጨምራሉ። ስለዚህ ሰያፉን ሌላ መስመር በማይሻገርበት ረጅም መንገድ ላይ መጠቀም፣ መሻገሪያ በሚበዛበት አካባቢ ደግሞ ዋናውን መስመር ቀጥ አድርጎ ማሳለፍ ይሻላል። ወደ ድልድዩ የሚወጣውም መስመር ባቡር የሚያንስበት የጎን መስመር ይሁን እንጂ ዋናው አይሁን።

ጎን ለጎን ከሚሄዱ ቀጥታ መስመሮች ከአንዱ ወደ ሌላው መሻገሪያ ለመሥራት በርዝመት አንድ ካሬ ይበቃል፦ ከመነሻው መስመር ካሬ ላይ አንድ ሰያፍ ቁራጭ፣ ከጎረቤቱ ካሬ ላይ ደግሞ እሱን የሚቀበል ሌላ ሰያፍ ቁራጭ። ባቡሩ አንድ ጊዜ ወደ ግራ፣ አንድ ጊዜ ወደ ቀኝ ብቻ ስለሚታጠፍ ፍጥነቱ አይቀንስም። በአንድ ባቡር ርዝመት ውስጥ ሁለት መሻገሪያ ካስከተልን ግን ይህ ጥቅም ሊጠፋ ይችላል። በእነዚያው ሁለት ካሬዎች ላይ የተቃራኒውን አቅጣጫ ቁራጮች ብንጨምር የተሟላ መስቀለኛ መሻገሪያ እናገኛለን፤ ለባለ ሁለት ፕላትፎርም የመጨረሻ ጣቢያ መግቢያ ከዚህ የጠበበ ነገር አላውቅም። ይህን ስንሠራ ባቡሮች በ90 ዲግሪ እንዳይታጠፉ የሚከለክለውን ምርጫ በቅንብሮች ውስጥ ማብራት አለብን፤ አለበለዚያ በመስቀሉ መሃል ያልታሰበ መታጠፊያ ይፈጠራል።

ማጥበብ የሌለብን መታጠፊያውን ነው። በቅንብሮች ውስጥ «ሪያሊስቲክ» በሚባለው ተጨባጭ የፍጥነት ሥሌት፣ በአንድ አቅጣጫ በተከታታይ ሁለት ጊዜ የሚታጠፍ ባቡር ፍጥነቱ በመታጠፊያዎቹ መካከል ባሉት የግማሽ ካሬ ቁራጮች ብዛት ይወሰናል። በተራ ሐዲድ አንድ ቁራጭ ብቻ ካለ ከፍተኛው ፍጥነት በሰዓት 88 ኪሎ ሜትር ነው፤ ሦስት ካሉ 132፣ አምስት ካሉ 168 ይሆናል። ሞኖሬይል (ባለ አንድ ሐዲድ መስመር) የዚህን አንድ ተኩል እጥፍ፣ ማግሌቭ (ባቡሩ በማግኔት የሚንሳፈፍበት መስመር) ሁለት እጥፍ ይፈቅዳል። አራት የተጠጋጉ መስመሮች አብረው ሲታጠፉ ከውጭ ወደ ውስጥ በገባን ቁጥር የእያንዳንዱ ሰያፍ ክፍል በሁለት ቁራጭ ያጥራል። ስለዚህ መለካት ያለብን ከውስጠኛው ጀምረን ነው፦ እሱ አምስት ቁራጭ ከተሰጠው ቀጣዮቹ ራሳቸው ሰባት፣ ዘጠኝና አሥራ አንድ ይሆናሉ። ከውጭ የጀመረ ሰው የመጨረሻው መስመር ላይ ሲደርስ ቦታ አልቆበት በአንድ ቁራጭ ይታጠፋል፤ ከዚያ ወዲያ በዚያ መስመር የሚሄዱት ባቡሮች ሁሉ እዚያች ማዕዘን ላይ ያዘግማሉ።

ለሲግናል ፓዝ ሲግናል እመርጣለሁ። ብሎክ ሲግናል መጋጠሚያውን በሙሉ ለአንድ ባቡር ሲዘጋ፣ ፓዝ ሲግናል ባቡሩ የሚያልፍበትን ሐዲድ ብቻ ስለሚይዝለት መንገዳቸው የማይነካካ ሁለት ባቡሮች መስቀለኛ መሻገሪያውን በአንድ ጊዜ ያልፉታል። ሐዲዶች በሚጋጠሙበት ካሬ ላይ ሲግናል አይተከልም፤ ስለዚህ ከመሻገሪያው በፊት ቢያንስ አንድ ነጠላ ካሬ መተው ግድ ነው። ፓዝ ሲግናል የሚተከለው ባቡር ቢቆምበት ሌላውን በማያግድበት ቦታ ብቻ ነው። ባቡሮቻችን አምስት ካሬ የሚረዝሙ ከሆነ፣ ማለትም ሞተሩን ጨምሮ አሥር ፉርጎ ያህል ካላቸው፣ ከጣቢያው በሚወጣው መስመር ላይ ከመሻገሪያው ቀጥሎ የሚመጣው የመጀመሪያ ሲግናል አምስት ካሬ ያህል ርቆ ይተከል። በሦስት ካሬ ርቀት ከተተከለና ፊት ለፊቱ ያለው መንገድ ከተያዘ፣ የሚቆመው ባቡር ጭራ መስቀሉ ላይ ይቀርና ገቢውንም ወጪውንም ያግዳል።