የጦስኙን መቃጠል ያስቀረው ወንፊት

አንድ አነስተኛ አምራች የሠራው፣ ያለ ባትሪ በጋዝ ላይተር ነበልባል የሚሞቀው የእንጨትና የብርጭቆ ቬፖራይዘሬ (ቅጠልን ሳያቃጥል አሙቆ እንፋሎቱን ለመሳብ የሚያገለግል መሣሪያ)፣ የደረቀውን ጦስኝ በማትነን ፈንታ ያቃጥለው ነበር። ፈትቼ ስመለከተው ከቅጠሉ በፊት ያለው የብረት ወንፊት ጠርዙ በሙቀት ተጣምሞ ክፍተት ፈጥሯል፤ ቅጠሉም በዚያው በኩል ብቻ ጠቁሮ ሌላው አረንጓዴ እንደሆነ መቅረቱ፣ ነበልባሉ ሾልኮ እንደሚነካው አረጋገጠልኝ። ስለዚህ ሐረር ሸዋ በር ገበያ ከገዛሁት የማይዝግ ብረት የሻይ ማጥለያ ክብ ቆርጬ፣ ጠርዙን ከብርጭቆው ጋር በሚገባ አጋጥሜ ተካሁት። ዚንክ የተለበጠ ሽቦ ግን ሲግል ጎጂ ጭስ ስለሚያወጣ ፈጽሞ መጠቀም አይገባም። አሁን ላይተሩን ከመግቢያው አፍ ትንሽ አርቄ ይዤ አየሩን ሳላቋርጥ እስባለሁ፤ ጦስኙ ቡናማ ይሆናል እንጂ አይከስልም፣ መዓዛውም ጥርት ብሎ ይወጣል።