ከከተማ ዳር ልጅ ስናሳድግ ወዳጅ የምናጣባቸው ስህተቶች

አዲስ አበባ ዳር ወዳለው ቱሉ ዲምቱ ስንገባ ትልቁ ልጄ ገና 7 ወሩ ነበር። ለባለቤቴ የ20/80 ኮንዶሚኒየም ዕጣ ወጥቶለት ነው የመጣነው። 20 በመቶውን ለመክፈል ያለንን አሟጠጥን። የቀረውን በየወሩ ለባንክ መክፈል ጀመርን። ቤቱን ስንረከብ ወለሉ ሲሚንቶ ነው፣ ግድግዳው ቀለም አልነካውም። እኔ ያደግሁት ጉለሌ ነው፤ ጎረቤት በር ሳያንኳኳ በሚገባበት ግቢ። እዚህ ግን አራተኛ ፎቅ ላይ የብረት በር ዘግቼ ቀኑን ሙሉ ከሕፃን ጋር ቁጭ ማለት ሆነ።

አሁን ትልቁ 6 ዓመት ሞልቶታል፣ ታናሿ 2 ዓመቷ ነው። በእነዚህ ዓመታት ጓደኛ አጥቻለሁ፣ ጓደኛም አግኝቻለሁ። ያጣኋቸውን ሳስብ በትልቅ ጠብ የተለያየኋት አንዲትም የለችም። ሁሉም በትናንሽ ነገር ነው የራቁት። አዲስ የሚገቡ እናቶች ያንኑ ሲደግሙት ስለማይ ልጽፈው ወሰንኩ።

«ቤቴ ሳይስተካከል ሰው አልጠራም» ማለት

ከሁሉም የከፋው ይሄ ነው። ሴራሚክ እስኪነጠፍ፣ መጋረጃ እስኪሰቀል፣ ሶፋ እስኪገዛ እያልኩ 8 ወር ሙሉ ሰው ሳልጠራ ቆየሁ። የእኛ ነገር ይታወቃል። እንግዳ ከመጣ እንጀራው ትኩስ፣ ወጡ ሁለት ሦስት ዓይነት መሆን አለበት። ካልሆነ ይሉኝታው ይገለናል። ሕፃን ይዞ ደግሞ ያ ሁሉ ዝግጅት አይሞከርም። ስለዚህ ለፋሲካ እንላለን፣ ፋሲካ ያልፋል። ለልጁ ልደት እንላለን፣ እሱም ያልፋል።

አንድ ቀን ከሰዓት የሦስተኛ ፎቋ ጎረቤቴ በሩን አንኳኳች። ውሃ የሚመጣልን በፈረቃ ነው፤ ያን ሳምንት ግን ጭራሽ ጠፍቶ ነበር። «የማሙሽ እናት፣ ቦቴ መጥቷል፤ ጀሪካን ካለሽ ቶሎ በይ» አለችኝ። ልጄን አዝዬ ወረድኩ። ስንመለስ ሁለቱን ጀሪካን እሷ ተሸክማ አራተኛ ፎቅ ድረስ ወጣችልኝ። በሩ ላይ ቆምን። ግቢ ማለት አለብኝ። ውስጥ ግን የታጠበ የልጅ ልብስ ወለሉ ላይ ተከምሯል፣ መቀመጫ የሚባል የለም። እንደምንም «ግቢ» አልኳት። ፍራሹ ጫፍ ላይ ተቀመጠችና ልብሱን ወደ ራሷ ሳበችው። እያወራች አንድ በአንድ አጣጠፈችው። ትናንሾቹን ካልሲዎች ሳይቀር ጥንድ ጥንዳቸውን ፈልጋ አገናኘች። ቤት ውስጥ ዳቦ አልነበረኝም። ቡና ከቆሎ ጋር አቀረብኩ። እስከ በረካ ቆየች።

የተዝረከረከ ቤታችሁን ያየች እናት የራሷን ልታሳያችሁ አትፈራም። የእኔና የእሷ ወዳጅነት የተጀመረው እዚያ የልብስ ክምር ላይ ነው። ዛሬ አምስት ሆነን ረቡዕ ረቡዕ ሕፃናቱ ከቀን እንቅልፋቸው ሲነሱ ቡና እንጠጣለን። ቁርሱ ቆሎ ብቻ ነው። ከዚያ በላይ ማምጣት ክልክል ነው ብለን ተስማምተናል። አንዷ ድፎ ዳቦ ይዛ ከመጣች በሚቀጥለው ሳምንት ሌላዋ ትጨነቃለች፣ በሦስተኛው ሳምንት አንዷ ሰበብ ፈልጋ ትቀራለች።

ቡናውን ካነሳሁ አይቀር አንድ ነገር ልበል። ከሰሉን በረንዳ ላይ አቀጣጥሉ፤ ቤት ስታስገቡትም መስኮቱ ክፍት ይሁን። የኮንዶሚኒየም ክፍል ጠባብ ነው፣ በተዘጋ ቤት ውስጥ የከሰል ጭስ ይገድላል። የሚድህ ልጅ ካለ ጀበናውም ምድጃውም እጁ የማይደርስበት ይሁን።

የድሮ ጓደኛን «እሷ ትምጣ» ብሎ መጠበቅ

ከፒያሳ ቱሉ ዲምቱ ለመድረስ ሁለት ሦስት ታክሲ መቀያየር ነው። ሰልፉ አለ። ቃሊቲ ላይ መንገዱ ይጨናነቃል። የአዳማው የፍጥነት መንገድ ደግሞ የሚጀምረው ከእኛ ሰፈር ነው፤ አንዳንድ ቅዳሜ 85 ኪሎ ሜትር አቋርጣ የምትመጣው እህቴ ከፒያሳዋ ጓደኛዬ ቀድማ ትደርሳለች። ይሄን እያወቅሁ ነው «እኔ ልጅ ይዣለሁ፣ እነሱ ይምጡ» እል የነበረው።

ከኮሌጅ ጀምሮ አብራኝ የነበረች ጓደኛ ነበረችኝ። ሦስት ጊዜ ጠራችኝ። ሦስቱንም ጊዜ «ልጁ አሞብኝ» አልኳት። እውነቴን ነበር። አራተኛ ጊዜ አልጠራችኝም። ሰርጓን የሰማሁት ከሌላ ሰው ነው። ብዙ አለቀስኩ። ቆይቼ ግን ገባኝ። «አልችልም» ብዬ ዝም ማለት አልነበረብኝም። «የዛሬውን አልቻልኩም፤ የፊታችን እሑድ 8 ሰዓት ላይ ሳሪስ እንገናኝ» ብል ኖሮ ሌላ ነገር ይሆን ነበር። መሃል መንገድ ላይ አንድ ማኪያቶ መጠጣት ማንንም ሙሉ ቀን አያባክንም።

ማን ደወለ፣ ማን ቀረ እያሉ መቁጠርም ይቅር። ልጅ ሲያንቀላፋ በቴሌግራም የአንድ ደቂቃ ድምፅ መላክ ይቻላል። እኔ አሁን ለፒያሳዋ ጓደኛዬ የሽሮ ወጡን እያማሰልኩ እልካለሁ፤ ማማሰያው ሲንኳኳ ይሰማታል። እሷም ከታክሲ ሰልፍ ላይ ትመልሳለች።

ልጅ የሌላት ጓደኛ ካለቻችሁ ስለ ጥርስ ማብቀልና ስለ ዳይፐር ብቻ አታውሯት። ስለ ሥራዋ፣ ስለ እናቷ ጤና ጠይቋት። «አንቺስ መቼ ነው?» የሚለውን ጥያቄ ደግሞ ፈጽሞ አትጠይቁ። ስንት ዓመት ሐኪም ቤት ስትመላለስ እንደቆየች አታውቁም። እኔ ጠይቄ የጓደኛዬ ፊት ሲለወጥ አይቻለሁ። ያ ፊት እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም።

በልጆች ጠብ መግባት

አምና ሐምሌ ላይ የአንደኛ ፎቋ ልጅ ልጄን ክንዱ ላይ ነከሰው። ጥርሱ በደንብ ታትሞበት ነበር። ደሜ ፈላ። ወርጄ በሩ ላይ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «ልጅሽን ያዢ!» ብዬ ጮህኩባት። እሷም ዝም አላለችም፤ የእኔ ልጅ ቀድሞ ኳሱን እንደቀማው ነገረችኝ። እውነትም ቀምቶት ነበር። ምሽት ላይ በረንዳዬ ላይ ቆሜ ወደ ታች ሳይ ሁለቱ ልጆች ያንኑ ኳስ እየተቀባበሉ ይጫወታሉ። እኛ እናቶቹ ግን ክረምቱን በሙሉ ደረጃ ላይ እየተገላመጥን አለፍን። በዚያ ጭቃ፣ በዚያ መረሬ መሬት፣ እየተደጋገፍን መሻገር ሲገባን።

የመስቀል ዕለት ሰፈር ውስጥ ደመራው ጋ እሷ ቀድማ «እንኳን አደረሰሽ» አለችኝ። አንገቴን ደፋሁ። ይቅርታውን መጠየቅ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ።

አሁን ልጆች ሲጣሉ እንዲህ አደርጋለሁ። መጀመሪያ የራሴን ልጅ ለብቻው እጠይቃለሁ። የተጎዳ ካለ ለሌላዋ እናት እነግራታለሁ፤ ግን ቤት ገብቼ፣ ልጆቹ በሌሉበት፣ ቢቻል በማግስቱ። ደም እንደፈላ የተነገረ ነገር አይረሳም። የሌላ ሰው ልጅ በራስ እጅ መቅጣት ደግሞ ድሮ ያስመሰግን ነበር፤ ዛሬ ጎረቤት ያቆራርጣል።

ለአያቶች በይሉኝታ እሺ ማለት፣ ወይም ፊት ለፊት መጋፈጥ

አራስ ቤት እያለሁ አማቴ ከገጠር መጡ። ደግ ሰው ናቸው። ገንፎውን ያገነፉልኝ፣ ያጠቡኝ፣ ሌሊት ልጁን የያዙልኝ እሳቸው ናቸው። ታዲያ በሦስተኛው ቀን ለሕፃኑ ቅቤ ላስውጠው አሉ። አንጀቱን ያለሰልሳል ብለው ነው። በፍቅር የመጣ ነገር እምቢ ለማለት ከባድ ነው። እምቢ ቢሉ ቅያሜ፣ እሺ ቢሉ የልጅ ጤና።

አራስ ልጅ እስከ 6 ወሩ ከእናቱ ጡት በቀር ቅቤም፣ ስኳር ውሃም፣ የጤና አዳም ውሃም አያስፈልገውም። እንጥል ማስቆረጥና ግግ ማስወጣት ደግሞ ደም በማፍሰስና በመመረዝ ሕፃን እስከመግደል ይደርሳሉ። በዚህ ላይ ድርድር የለም። ግን ማን ይናገረው? ምራት ስትናገረው ንቀት ይመስላል። እኔ «እማማ፣ ትንሽ እንቆይ፤ ነርሷን እንጠይቅ» እያልኩ ቆየሁና ለ45 ቀኑ ክትባት ጤና ጣቢያ ይዣቸው ሄድኩ። ነርሷ በአክብሮት «እናቴ፣ ለሱ ውሃውም ምግቡም ጡቱ ውስጥ አለ» ብላ አስረዳቻቸው። አማቴ ሰሙ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ። ቤት እንደገባን ቅቤውን አመጡና እኔ አናት ላይ አደረጉት።

ክትባቱ በ6ኛ፣ በ10ኛና በ14ኛው ሳምንት ነው፤ በ9 ወር ደግሞ ኩፍኝ አለ። ከጎረቤት እናት ጋር ተቀጣጥራችሁ ሂዱ። ወረፋው አያሰለችም፣ ካርድ የረሳችውንም ሌላዋ ታስታውሳታለች።

አባትን ከልጁ ማራቅ

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለወለደች ሠራተኛ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ፈቃድ ይሰጣል። ለአባት የተፈቀደው 3 ቀን ነው። በ3 ቀን ማንም ልጅ መያዝ አይለምድም። እኛም እናግዛለን፤ «ተወው፣ አትችልበትም» ብለን ከእጁ እንቀበለዋለን። ከዚያ ዓመት ሙሉ ሁለት ሰዓት እንኳ ልጁን ትተንለት መውጣት ያቅተናል። ሳሪስ ላይ የቀጠርናትን ጓደኛ እንዴት እናግኛት? ዳይፐሩን ጠማማ አድርጎ ቢያስረው ልጁ አይሞትም። እሱ ያስረው፣ እናንተ ጫማችሁን አድርጉ።

ቡና ላይ የባልን ገመና ማውጣት

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ባልና ሚስት ማታ ይታረቃሉ፤ የሰማችው ጎረቤት ግን ሰውየውን ደረጃ ላይ ባየችው ቁጥር ያንን ነገር ታስታውሳለች። ከሁሉ የምታምኗትን አንዷን ምረጡና ለእሷ ብቻ ንገሯት። ድብደባ ካለ ግን ገመና አይባልም፤ ዝም አትበሉ።

«አንዴ ያዢልኝ» ማብዛት

የሦስተኛ ፎቋ ጎረቤቴ እምቢ አታውቅም። ገበያ ስሄድ፣ ባንክ ስሄድ፣ ልጄን ለእሷ። አንድ ቀን ስመለስ ግንባሯን በሻሽ አስራ፣ የራሷን ልጅ በአንድ እጇ፣ የእኔን በሌላው ይዛ ቆማለች። ለካ ከጠዋት ጀምሮ አሟታል። ያን ቀን አፈርኩ። አሁን ማክሰኞ እሷ ትይዛለች፣ ዓርብ እኔ። ተራ ስላለው ማንም ባለዕዳ አይሆንም።

የጎረቤት ስልክ ሳይዙ መኖር

እድር የሽማግሌ ነገር ይመስለን ነበር። ገና ወጣቶች ነን እያልን ሳንገባ ሁለት ዓመት ቆየን። እድር ግን ለቀብር ብቻ አይደለም የሚጠቅመው። የማን በር እንደሚንኳኳ፣ ማን መኪና እንዳለው የሚታወቀው እዚያ ነው። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ የእሳትና ድንገተኛ አደጋ 939 መሆኑንም ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፉ። ከእሱ ሥር የአራት ጎረቤት ስልክ ጻፉ።

ከዚያ መስቀል በኋላ በመጣው ኅዳር ላይ ባለቤቴ ለሥራ ክፍለ ሀገር ሄዶ ነበር። ከምሽቱ 5 ሰዓት ላይ ትንሿ ልጄ በትኩሳት ጋለች። ትንፋሿ ፈጠነ፣ ጡት እምቢ አለች። በዚያ ሰዓት ባጃጅ የለም። ሦስተኛ ፎቅ ደወልኩ። «የአንደኛ ፎቁ ሰውዬ መኪና አለው፤ አሁኑኑ ለሚስቱ ደውይላት» አለችኝ። ያቺ በሐምሌ የጮህኩባት ሴት ናት። ስልኳን የያዝኩት ከመስቀል በኋላ፣ ረቡዕ ቡና ላይ ነው። እጄ እየተንቀጠቀጠ ደወልኩ። «ወርጄ በሩን እከፍታለሁ፤ ትልቁንም ይዘሽው ነይ» ብላ ዘጋችው።

ባሏ በነጠላ ጫማ ነው የነዳው። ሐኪሙ የሳንባ ምች ነው አለ። መድኃኒት ጀመረች፣ ኦክስጅን ተሰጣት፣ ወደ ሌሊቱ 9 ሰዓት ግድም ትኩሳቱ ወረደ። ነግቶ ስንመለስ አንደኛ ፎቅ ገባሁ። ትልቁ ልጄ፣ ክንዱን ከነከሰው ልጅ ጋር በአንድ ጋቢ ተጠቅልሎ ተኝቷል። እናትየው ወጥ ቤት ቆማ አጥሚት እያማሰለች ነበር። «ቁጭ በይ፣ መጀመሪያ አንቺ ጠጪ» አለችኝ።